ሰላጣና የተጠለለ እርጎ፦ ጠላቱ ውሃ ነው

ሰላጣ ገበታ ላይ ከቀረበ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው የሳህኑ ሥር ውሃ ያቁራል፤ ቅጠሉ ይተኛል። ወፍራም የነበረው ነጭ ድሬሲንግ (ሰላጣው የሚዋሃድበት ማጣፈጫ) አሬራ መስሎ ታች ይወርዳል፤ ላይ የቀረውን ቅጠል ደግሞ ጨውም ሎሚም አልነካውም። ይህን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «እርጎው ቀጭን ነበር» ይላል፣ ወይም «ጨው አንሶታል» ብሎ ይነሰንስበታል። ጨው ሲነሰነስበት ጭራሽ ብሶበት ያለቅሳል። የሰላጣ ብልሽት ከሞላ ጎደል አንድ ምንጭ አለው፤ ውሃ። አጥበን ያላደረቅነው ቅጠል፣ አጓቱ ያልወጣለት እርጎ፣ ያለጊዜው ጨው የነካው ቲማቲምና ኪያር። እነዚህን ሦስቱን የተቆጣጠረ ሰው ሰላጣው ገበታው እስኪነሳ እንደቆመ ይቆይለታል።

ክሬም የመሰለ ድሬሲንግ ሲባል ሐሳባችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ሱቅ ማዮኔዝ ነው። ማዮኔዝ አብዛኛው ዘይት ነው፤ የሰላጣን ቅጠል አፍኖ የራሱን ጣዕም ብቻ ያስቀምሳል። ከዳንግላ እስከ ደብረ ማርቆስ እርጎ በሚረጋበት አገር፣ እርጎውን አጥልሎ መጠቀም ከማዮኔዝ በብዙ ይሻላል። ውፍረቱ ያው ነው፣ ኮምጣጣነቱ ከራሱ ነው፣ ቅጠሉንም አይጫነውም።

ቅጠሉን መምረጥ

ሰላጣ በጠዋት ይገዛል። ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ ያደረ ቅጠል ሲያጥፉት «ቀጭ» ብሎ ይሰበራል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የዋለው ግን እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ባሕር ዳር የቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ቢደርስ ልዩነቱን በእጁ ያገኘዋል። የተቆረጠበትን ሥር ገልብጣችሁ እዩ፤ ነጭና እርጥብ ከሆነ ዛሬ የተቆረጠ ነው፣ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ አድሯል።

ሁለተኛው ምልክት መሃሉ ላይ ነው። ቅጠሎቹን ከፈት አድርጋችሁ ግንዱን ፈልጉ። ግንዱ አጥሮ ቅጠሎቹ ከአንድ ቦታ የወጡ ከመሰሉ ለጋ ነው። ግንዱ ወደ ላይ ከተመዘዘ ግን ተክሉ ሊያብብ ነው፤ ቅጠሉን ከሥሩ ሲሰብሩት ነጭ ወተት ያንጠባጥባል። መራራው ያለው እዚያ ወተት ውስጥ ነው፤ ምንም ቢታጠብ አይለቅም።

ሰላጣ ብርድ ወዳድ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያብባል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መራራ ሰላጣ ገበያውን ይሞላዋል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች በዚያው ወር ለጋ ቅጠል ማግኘት ይቀላል። ስለዚህ በበጋው መጨረሻ ባሕር ዳር ላይ ስትገዙ ሻጯን «ከየት የመጣ ነው?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የደጋ ከሆነ ውሰዱ። በክረምት ችግሩ ሌላ ነው። ዝናቡ ጭቃውን እያፈናጠረ እስከ ልቡ ድረስ ያስገባዋል፤ ቅጠሉ ጣፋጭ ቢሆንም እጥበቱ እጥፍ ይሆናል።

ሰላጣ ብቻውን ለስለስ ይላል። የለጋ ቆስጣ ቅጠል ወይም በቀጭኑ የተከተፈ ጥቅል ጎመን ሩብ ያህል ቢገባበት የሚነከስ ነገር ያገኛል። የአበሻ ጎመን ጥሬውን ይጠነክራል፤ የግድ ከተፈለገ መሃል አጥንቱን አውጥታችሁ እንደ ክር ክተፉትና በሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ሁለት ደቂቃ እሹት፤ ይለዝባል። የወጣውን ውሃ ጨምቃችሁ ድፉት።

ማጠብ

ጥሬ ስለሚበላ እዚህ ላይ መቸኮል የለም። በወንዝ ዳርና በመስኖ የሚለማ ቅጠል ወስፋት፣ አሜባ፣ ጃርዲያና ታይፎይድ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ቤት የሚደረገው ሰላጣውን እንዳለ ከቧንቧ ሥር ማሳየት ነው። ያ አቧራ ያነሳል እንጂ አያጥብም፤ አፈሩ ያለው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በተጣበቀበት ጎድጓዳ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሥሩን ቁረጡና ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ነጥሉ። በሰፊ ሳፋ ውሃ ሞልታችሁ ቅጠሉን ንከሩ፣ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ፣ ሁለት ደቂቃ ተዉት፤ አፈሩ ይዘቅጣል። አሁን ቅጠሉን ከላይ አንሡ፤ ውሃውን ከነቅጠሉ ወደ ማጥለያ አትገልብጡ፤ የዘቀጠው አፈር ተመልሶ ይፈስበታልና። ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ድገሙ። የሳፋው ሥር በጣት ሲዳሰስ አሸዋ እስኪያጣ ድረስ ነው፤ በበጋ ሁለት ዙር ይበቃል፣ በክረምት ሦስት አራት። ከሁለተኛው ዙር በኋላ የእያንዳንዱን ቅጠል ሥር በአውራ ጣት አሹት።

ከዚያ በኋላ በረኪና። ጽሑፉ ላይ 5 በመቶ የሚል፣ ሽታ ያልተጨመረበት መሆኑን አረጋግጡ። በ5 ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ (10 ሚሊ ሊትር) ጨምራችሁ አማስሉ፣ ቅጠሉን 10 ደቂቃ ንከሩ፣ ከዚያ ለመጠጥ በሚሆን ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። በረኪና የሚገባው አፈሩ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው፤ አፈርና ቆሻሻ ክሎሪኑን ራሱ ይጨርሱታል፣ ለጀርሙ የሚተርፍ አይኖርም። የወስፋትን እንቁላል ግን በረኪና አይገድለውም፤ የሚያስወግደው ማሸትና ማለቅለቅ ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው እጥበት በምንም የማይተካው።

በጨው ውሃ መንከር ትንንሽ ነፍሳትን ከቅጠሉ ያስወጣል፤ ጀርም አይገድልም። አቼቶ የተወሰነውን ይቀንሳል፣ ሁሉንም አይጨርስም፤ ሽታውም ቅጠሉ ላይ ይቀራል።

ቅጠሉ ከጠወለገ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በቀዝቃዛ ውሃ አድርጉትና 15 ደቂቃ ውስጡ ተዉት። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት፣ ጥላ ሥር ያደረ የእንስራ ውሃ ለዚህ ይሆናል፤ እንስራው በላብ መልክ ውሃ እያስወጣ ስለሚተን ውስጡ ያለው ይቀዘቅዛል። ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውሃ መሆኑ ግን ግዴታ ነው።

ማድረቅ

ሰላጣ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ ድሬሲንግ አይጣበቅም፤ ውሃው መሃል ገብቶ ያንሸራትተዋል፣ ከዚያም ያቀጥነዋል። ታጥቦ በማጥለያ ላይ ብቻ የተቀመጠ ሰላጣ ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ በቅጠሎቹ እጥፋት ውስጥ ግን ብዙ ማንኪያ ውሃ ይዞ ይቀራል።

ቅጠሉን በማጥለያ 10 ደቂቃ አንጠፍጥፉ። ቀጥሎ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም ለዚሁ በተቀመጠ አሮጌ ነጠላ መሃል ላይ አድርጉት፤ ከግማሽ ኪሎ በላይ አትጨምሩበት። አራቱን ጫፍ ሰብስባችሁ አንድ ላይ ጨብጡ፣ ግቢ ውጡና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እንደ ወንጭፍ 20 ጊዜ ያህል አዙሩት። ውሃው በጨርቁ ቀዳዳ እንደ ካፊያ ይወጣል። ፈታችሁ ቅጠሉን አገላብጡና አንድ ጊዜ ድገሙ። ጨርቁ ላይ ተጭኖ መጭመቅ ግን አይሆንም፤ ቅጠሉ ይሰበርና የተሰበረበት ቦታ ይጠቁራል።

መድረቁን ለማወቅ አንድ ቅጠል አንሥታችሁ በደረቅ ወረቀት ላይ ጫን አድርጉ። ወረቀቱ ነጥብ ነጥብ ብሎ ከረጠበ ገና ነው። የደረቀውን ቅጠል በጨርቁ እንደተጠቀለለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብታስቀምጡት ደግሞ የበለጠ ይኮረኮማል።

እርጎው

ከገበያ የተገዛ እርጎ ካልተፈላ ወተት የረጋ ሊሆን ይችላል። ካልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ሊተላለፉ ይችላሉ፤ መርጋቱና መኮምጠጡ ለዚህ ዋስትና አይደለም። ስለዚህ ለሰላጣ የሚሆነውን እርጎ ቤት ማርጋት እንመክራለን፤ ድካሙም ትንሽ ነው።

አንድ ሊትር ተኩል ወተት አፍሉ። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ደብረ ማርቆስ 92 አካባቢ፤ ወተትም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ዝቅ ያለ ቢመስልም ጀርሞቹን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። አሥሩ ደቂቃ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሙቀቱ የወተቱን ፕሮቲን ስለሚቀይረው እርጎው ሲረጋ ጠንከር ይላል፣ ውሃም አጥብቆ ይይዛል። ላዩ ላይ የሚጋግረውን ስልባቦት አትጣሉት፤ በኋላ እርጎው ውስጥ ተመልሶ ሲመታ ለድሬሲንጉ ቅባት ይሰጠዋል።

ወተቱ እስከ 42 ወይም 43 ዲግሪ ይቀዝቅዝ። ቴርሞሜትር ከሌለ የታጠበች ትንሿን ጣት ንከሩ፤ እየሞቃት ግን ሳትቃጠል እስከ አሥር መቁጠር ከቻላችሁ ደርሷል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ በትንሽ ለብ ያለ ወተት በጥብጣችሁ ጨምሩና ክደኑት። ይህች ማርጊያም ከተፈላ ወተት የረጋች ትሁን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በፋብሪካ የታሸገ ተራ እርጎ፣ ስኳርና ፍራፍሬ የሌለበት፣ ጥሩ ማርጊያ ነው። ከዚያ እቃውን በጋቢ ጠቅልሉት። ባሕር ዳር በ6 ሰዓት ይረጋል፤ ደብረ ማርቆስ ሌሊቱን ቢያድር ነው የሚሻለው። ወተቱ በጣም ሞቆ ሳለ ማርጊያው ከገባ እርጎው እንደ አሸዋ ይቆራረጣል፤ በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ይዝለገለጋል።

የእርጎ እቃን በወይራ ማጠን የሚያውቅ ቤት ይህን ለሰላጣም አይተው። ጭሱ እርጎው ላይ የሚተወው ሽታ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር ሲገናኝ የትኛውም የሱቅ ድሬሲንግ የማይደርስበት ጣዕም ይወጣዋል። ግን በልኩ ይሁን፤ ለወተት የሚስማማው ጭስ ለጥሬ ቅጠል ሊበዛ ይችላል።

አሁን ማጥለል። የረጋውን እርጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወይም ቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ሰዓት አሳርፉ፤ ትኩስ እርጎ ሲጠለል ነጩም አብሮ ያልፋል። ሻሽ ወይም ሥሥ የጥጥ ጨርቅ አፍልታችሁ ጭመቁና ማጥለያ ላይ አራት እጥፍ አድርጋችሁ አንጥፉ። እርጎውን በማንኪያ እየዛቃችሁ ገልብጡ፤ አትምቱት። ጨርቁን ቋጥራችሁ ጎድጓዳ ሳህን በላይ ስቀሉት። ከ1 ሊትር እርጎ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ በግምት ግማሽ ሊትር አጓት ይወጣል። የምንፈልገው ውፍረት ማንኪያ ላይ ተቆልሎ የሚቆይ፣ ሲያዘነብሉት ግን ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ነው። ሌሊቱን ካደረ አይብ ወደመምሰል ይደርሳል፤ ለዳቦ ያምራል፣ ለሰላጣ ግን ይደርቃል። ለማፋጠን ጨርቁን መጭመቅ ፋይዳ የለውም፤ አጓቱ ሳይሆን እርጎው ነው የሚያመልጠው።

አጓቱን አስቀምጡ። ድሬሲንጉ ከወፈረ የሚቀጥነው በውሃ ሳይሆን በእርሱ ነው።

ድሬሲንጉ

ለአራት ሰው የሚሆን ሰላጣ 300 ግራም የተጠራ ቅጠል ነው፤ ከሁለት መካከለኛ ራስ ይወጣል። ለድሬሲንጉ ደግሞ፦

የተጠለለ እርጎ አንድ የውሃ ብርጭቆ (200 ግራም)
የማይረጋ ፈሳሽ ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ
የሎሚ ጭማቂ 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ
ነጭ ሽንኩርት 1 ትንሽ ፍሬ
ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ሰናፍጭ ዱቄት ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ማር ግማሽ የሻይ ማንኪያ
ቁንዶ በርበሬ አንድ ቁንጥር፣ አዲስ የተፈጨ
የድንብላል ቅጠል ወይም በሶብላ፣ ተከትፎ 2 የሾርባ ማንኪያ

ቅደም ተከተሉ ጣዕሙን ይወስነዋል። ሰናፍጩን በመጀመሪያ በአንድ የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። የሰናፍጭ ቁጣ ዱቄቱ ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው የሚወለድ ነው። ሙቅ ውሃ ወይም ሎሚ ቀድሞ ካገኘው ቁጣው ሳይወጣ ይቀራል፣ የሚተርፈው ምሬቱ ነው። ሰናፍጭ እዚህ የገባው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ዘይቱና ውሃው እንዳይለያዩ ያስተሳስራቸዋል።

ነጭ ሽንኩርቱን በሙቀጫ ከጨው ጋር ሊጥ እስኪሆን ውቀጡ። ወዲያው የሎሚውን ጭማቂ አፍስሱበትና 5 ደቂቃ ይቆይ። ሎሚው የነጭ ሽንኩርቱን የሚያቃጥል ጥሬ ኃይል ይገታዋል፤ ሳይታሰር እርጎ ውስጥ የገባ ነጭ ሽንኩርት በሰዓታት ውስጥ እየጠነከረ ሄዶ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ሎሚው የዘጌም ይሁን የሌላ፣ ልጡ ሥሥ የሆነችው የአገር ሎሚ ጭማቂዋም ኃይሏም ብዙ ነው፤ ከአንዷ ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይወጣል። ስለዚህ በፍሬ አትቁጠሩ፣ በማንኪያ ለኩ።

አሁን በሎሚው ላይ ሰናፍጩን፣ ማሩንና ቁንዶ በርበሬውን አዋህዱ። ዘይቱን በቀጭኑ እያንጠባጠባችሁ በሹካ ምቱ። ወፈር ብሎ ወደ ቢጫ ሲያደላ ዘይቱ ተይዟል ማለት ነው። በመጨረሻ እርጎው ይገባል፤ በሦስት ጊዜ ከፍላችሁ በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እያገላበጣችሁ ቀላቅሉ። እዚህ ላይ ብሌንደር የሚያነሣ ሰው ሥራውን ሁሉ ያፈርሳል፤ የእርጎ ውፍረት የቆመው በረጋበት መረብ ላይ ስለሆነ በኃይል ሲመታ መረቡ ይበጣጠስና ሦስት ሰዓት የተጠለለው እርጎ ተመልሶ ይቀጥናል። ቅጠላ ቅጠሉን ጨምሩና 20 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳርፉት፤ ጨውና ነጭ ሽንኩርቱ ይዋሃዳሉ። ከዚያ በኋላ ቅመሱ። የሚቀመሰው በማንኪያ አይደለም፣ በቅጠል ነው። ብቻውን ሲቀመስ ትንሽ ጨው የበዛበት መስሎ ከተሰማችሁ በቅጠሉ ልክ ይመጣል።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር። በደብረ ማርቆስ ብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ለሰላጣ አይሆንም፤ በቀዘቀዘ እርጎ ውስጥ ሞራ ይሆንና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ቅቤም እንደዚያው ነው፤ የቱንም ያህል ቢነጠር ቀዝቃዛ ቅጠል ላይ ይረጋል። የሱፍ አበባ ዘይት ይስማማል። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ኃይለኛ ስለሆነ ከሁለቱ ማንኪያ ግማሿ ብቻ ኑግ ብትሆን ሽታው ያምራል፤ ከዚያ ካለፈ ኑግ ብቻ ይሆናል።

ከቀጠነባችሁ ዱቄት አትጨምሩ፤ ጥሬ ዱቄት ይቀመሳል። አንድ ሁለት ማንኪያ የተጠለለ እርጎ ወይም በወንፊት የታሸ ለጋ አይብ ይመልሰዋል። ኮምጣጣነቱ ካየለ ማር ከመጨመር በፊት አንድ ማንኪያ ስልባቦት ሞክሩ፤ ቅባት ኮምጣጣነቱን ያለዝበዋል፣ ጣፋጭም አያደርገውም። ዘይቱ ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ በባዶ ሳህን አንድ የሻይ ማንኪያ እርጎ አድርጋችሁ የተለያየውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ምቱት፤ ይያያዛል። አሸዋማ ከሆነ በወንፊት አሳልፉት። ጨው ከበዛ መድኃኒቱ ጨው ያልገባበት እርጎ መጨመር ብቻ ነው።

በጾም

ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታም አለ፤ የእርጎውን ድሬሲንግ ብቻ የሚያውቅ ቤት ዓመቱን ብዙውን ክፍል ያለ ሰላጣ ያሳልፋል። ለጾም ሱፍና አቮካዶ አንድ ላይ የእርጎውን ያህል ክሬም ይሆናሉ። መራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ የሚለማው አቮካዶ ባሕር ዳር ገበያ ስለሚደርስ መወደዱን እንጂ መጥፋቱን መፍራት የለም።

ግማሽ ብርጭቆ ሱፍ ለቅማችሁ፣ በምጣድ ሽታው እስኪወጣ ብቻ አሙቁት፤ ከጠቆረ ይመራል። ፈጭታችሁ በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውሃ አሹትና በሻሽ ጨምቁ። ግማሽ ብርጭቆ ወተት የመሰለ የሱፍ ውሃ ውሰዱ። አንድ የበሰለ አቮካዶ በወንፊት አሽታችሁ፣ ከላይ እንደተጻፈው በሎሚ የታሰረ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ሰናፍጭ አዋህዱበት፤ ሎሚውን ግን ወደ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከፍ አድርጉት። የሱፉን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ ምቱ። እርጎ እስኪመስል ነው፤ ሁሉም ላይገባ ይችላል። ዘይት አያስፈልገውም፤ ሁለቱም የራሳቸው አላቸው።

አቮካዶው እንጭጭ ከሆነ ድሬሲንጉ ይመራል፣ እየቆየም አይሻሻልም። ከጫፉ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት የሚሰረጉደውን ምረጡ። ገና ከሆነ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልላችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት፤ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ያበስለዋል። ይህ ድሬሲንግ አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ ላዩን ፕላስቲክ አስነክታችሁ ክደኑትና በዚያው ቀን ጨርሱት።

በእንቁላል

እርጎ የማይስማማው ሰው ካለ የተቀቀለ አስኳል ይሠራል። የጥሬ እንቁላል ማዮኔዝ ቤት ውስጥ ባይሞከር ይሻላል፤ ሳልሞኔላ አለ። ሦስት እንቁላል በፈላ ውሃ ቀቅሉ። ውሃው ደጋ ላይ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ደብረ ማርቆስ ላይ 13 ደቂቃ ስጡት። አስኳሉን በወንፊት አሽታችሁ ከሰናፍጭና ከሎሚ ጋር አዋህዱ፣ ከዚያ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በጠብታ። የበሰለ አስኳል እንደ ጥሬው ዘይት አጥብቆ አይዝም፤ ተቻኩሎ ያፈሰሰ ሰው ዘይቱ ተለይቶ ይጠብቀዋል። ነጩን ከትፋችሁ ሰላጣው ላይ በትኑት።

ማዋሃድ

ቀይ ሽንኩርት ግማሽ፣ በጣም በቀጭኑ ተቆርጦ 10 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ፣ ከዚያ ተጨምቆ። ኪያር አንድ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ የመሃል ፍሬው በማንኪያ ተፍቆ፤ የሚያለቅሰው ያ ለስላሳው መሃሉ ነው። ከተቆራረጠ በኋላ ቁንጥር ጨው ነስንሱበት፣ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ ውሃውን ደፍታችሁ በጨርቅ አድርቁ። ቃሪያ ሁለት፣ ፍሬው ወጥቶ። ቲማቲም ካስፈለገ ጠንካራውን መርጣችሁ ጭማቂውንና ፍሬውን አውጡ፤ ሥጋው ብቻ ይግባ። እንዲያውም ቲማቲሙን በመጨረሻ ላዩ ላይ ብትደረድሩት እንጂ ባታዋህዱት ይሻላል።

ቅጠሉን በእጅ ቅደዱ ወይም በደንብ በተሳለ ቢላ ቁረጡ። የደነዘ ቢላ ቅጠሉን ስለሚጨፈልቀው ጠርዙ ይጠቁራል። አንድ ጉርሻ የሚሆን መጠን ይበቃል፤ ከዚያ ከደቀቀ ድሬሲንጉን ጠጥቶ ይቦካል።

ሳህኑ ከምታስቡት እጥፍ የሚሰፋ ይሁን። ከድሬሲንጉ 10 የሾርባ ማንኪያ ለክታችሁ በሳህኑ ግድግዳ ዙሪያ ቀቡት፤ ቅጠሉ አናት ላይ አትዘርግፉት። አናት ላይ የፈሰሰ አንዱን ቅጠል አስጥሞ ሌላውን ደረቅ ይተወዋል። ቅጠሉን ከነሽንኩርቱና ኪያሩ አስገቡና በታጠበ እጅ፣ ጣቶችን ከፍቶ፣ ከሥር ወደ ላይ 10 ወይም 12 ጊዜ አንሡ። እያንዳንዱ ቅጠል በሥሡ ነጣ ሲል ትክክል ነው። ሳህኑ ሥር ድሬሲንግ ከተጠራቀመ በዝቷል፤ ትንሽ ቅጠል ጨምሩበት።

ከተዋሃደ በኋላ 10 ደቂቃ ውስጥ ይበላ። ዘይትና ሎሚ ብቻ የተደረገበት ሰላጣ ከዚህም ቀድሞ ይተኛል፤ ዘይቱ የቅጠሉን ሰም አልፎ ይገባልና። በእርጎ የታሰረ ዘይት እንደዚያ ቶሎ አይገባም፤ ለዚህም ነው የክሬሙ ሰላጣ ትንሽ የሚታገሠው። ከተጠበሰ የጣና ዓሣ ወይም ከተቀቀለ ድንች ጋር ሲቀርብ ጎን ለጎን እንጂ ትኩሱ ላይ አይደረግ፤ እንፋሎቱ ያበስለዋል።

ለድግስ ማዋሃድ አይቻልም። ለ30 ሰው 2 ኪሎ ከሩብ የተጠራ ቅጠልና አንድ ሊትር ከሩብ ያልበለጠ ድሬሲንግ ያስፈልጋል፤ ለእርሱም ሁለት ሊትር እርጎ ይጠለላል። ነጭ ሽንኩርቱ 4 ፍሬ ይበቃዋል። ቅጠሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ድሬሲንጉ በክዳን፣ ኪያሩና ሽንኩርቱ ለየብቻ ይቀመጡና በትሪ በትሪ እየተዋሃደ ይወጣል።

የተረፈ ድሬሲንግ በንጹሕ ብርጭቆ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል። መብራት ጠፍቶ ከዋለና ከሞቀ ግን አታሳድሩት። ሲቆይ አጓት ካቆረ ያን ውሃ ወደ ውስጥ አታማስሉት፤ አዘንብላችሁ ድፉትና ከሥሩ ያለውን ተጠቀሙ።